ቬሎሽን ከመምረጥሽ በፊት ጉልበት ሳሚበት

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ27 ዓመት ልጅ ነኝ። እግዚአብሔር ቢፈቅድ በጥር የመጨረሻው እሑድ አገባለሁ። ጠዋት ቁርባን አለን፤ ከሰዓት አዳራሽ፤ ከዚያ መልስ። ጭንቀቴ ቬሎና አበባ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ53 ነው። ዳሌዬና ክንዴ ሞላ ያለ ነው። ጓደኞቼ «መርሜድ ልበሺ፣ እስከዚያ ትንሽ ቀንሺ» ይሉኛል። እናቴ ድፍን ነጭና እጅጌ ያለው ካልሆነ አይሆንም ትላለች። አሜሪካ ያለችው አክስቴ ደግሞ «ልክሽን ላኪልኝ፣ ገዝቼ ይዤልሽ እመጣለሁ» ብላለች። ዲኮር ሠሪው አበባው በሙሉ አርቴፊሻል ይሁን ይላል። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ በአደይ አበባ መዳር ነበር ምኞቴ። አባቴ በሕይወት ሳለ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከሱሉልታ አደይ ለቅሞ ያመጣልኝ ነበር። ምን ይሻለኛል? ቡኬዬንስ ከሰርጉ በኋላ ማስቀመጥ ይቻል ይሆን?

ሙሽሪት ነኝ፣ ከገርጂ

መልስ፦

ልጄ፣ እንኳን ደስ አለሽ። የአባትሽን ነፍስ ይማር።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ጓደኞችሽ፣ እናትሽ፣ አክስትሽና ዲኮር ሠሪው የሚፈልጉትን በደንብ ጽፈሽልኛል። አንቺ የምትፈልጊውን የጻፍሽው ግን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ አደዩ ላይ። እሱን አልረሳውም፣ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ቬሎው ይለቅ። ቬሎ ሳይያዝ አበባ አይመረጥም። የአበባው ቀለምም፣ መጠኑም ከልብሱ ነው የሚመጣው። ብዙ ሙሽሮች ግን የሚያምር ቡኬ ስልካቸው ላይ አይተው ከእሱ ይጀምራሉ፤ በኋላ ከልብሱ ጋር ይጣላባቸዋል።

«ቀንሺ» ያሉሽን አትስሚ። እባክሽን አትስሚ። የቁርባን ሙሽራ ነሽ። ከዋዜማው ጀምሮ እህል ሳትቀምሺ ሌሊት ተነስተሽ ቆመሽ ታስቀድሻለሽ። ከዚያ ፎቶ አለ፣ አዳራሽ አለ፣ ጭፈራ አለ። ለሁለት ወር ራሷን ስታስርብ የከረመች ልጅ ያንን ቀን በምን ጉልበት ትወጣዋለች? ጨርቅ ይጠባል፣ ይሰፋል፣ ያጥራል። ስፌት የተፈጠረው ለዚህ ነው። ሰውነትሽን ለልብሱ አታስተካክዪ፤ ልብሱ ለሰውነትሽ ይስተካከል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። አሁን ኅዳር ላይ ነን። የነቢያትን ጾም የምትጾሚ ከሆነ እስከ ገና ድረስ ልክሽ ትንሽ ሊቀንስ ይችላል። ከገና በኋላ ደግሞ ዶሮውም ክትፎውም ይመጣል፣ ልክሽ ይመለሳል። ስለዚህ የመጨረሻውን ልኬት በጾሙ ውስጥ አታስለኪ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ለሰርጉ አንድ ሳምንት ወይም አሥር ቀን ሲቀረው አስለኪ። ሰፊዋን ከአሁኑ ያዣትና ቀኑን ቁረጪ። በጥር ሰፊ ማግኘት ራሱ ሌላ ሰርግ ነው።

አሁን ወደ መርሜዱ፤ እስከ ጉልበት ጥብቅ ብሎ ከዚያ በታች ወደሚበተነው። መርሜድ ለአጭር ሰው ክልክል ነው አልልም። ግን ቬሎ ቤት ገብተሽ ስትለኪው መስታወት ፊት ቆመሽ ብቻ አትመልከቺው። ቆሞማ ሁሉም ያምራል። ጓደኛሽን ወንበር ላይ አስቀምጪና እንደ እናትሽ ቁጠሪያት። ከዚያ ጎንበስ ብለሽ ጉልበቷን ሳሚ። በሰርግሽ ቀን የእናትሽን፣ የአማትሽን፣ የአማችሽን፣ የሽማግሌዎቹን፣ የአያቶችን ጉልበት ትስሚያለሽ። ቬሎው ጉልበትሽ ላይ ካነቀሽ እያንዳንዱ ስሞሽ ጭንቅ ይሆናል። ሚዜዎችሽ በሁለት ብብትሽ ገብተው ያነሱሻል። ሰው ሁሉ የሚያየው እሱን ነው።

ቀጥሎ ቁጭ በይበት። አዳራሹ ውስጥ ሰዓታት ቁጭ ብለሽ ነው የምታሳልፊው። መኪና ውስጥ እንደምትገቢም አስቢና እግርሽን አንስተሽ ሞክሪ። በመጨረሻ እስክስታ ውረጂበት። ትከሻሽን በደንብ ነቅንቂው። ሁለቱንም እጅሽን ወደ ላይ አንሺ። ማንገቻ የሌለው ቬሎ በደንብ ካልተለካ እስክስታ ላይ ይወርዳል። ሙሽራዋ ሌሊቱን ሙሉ ደረቷን ወደ ላይ ስትጎትት ያየኋቸው ሰርጎች ብዙ ናቸው። ፊቷ ላይ ደስታ ሳይሆን ስጋት ነው የሚነበበው። ይህን ሁሉ ጓደኛሽ በስልኳ በቪዲዮ ትቅረጽሽ። ከጎንና ከኋላም ትቅረጽሽ። ቤትሽ ገብተሽ ተረጋግተሽ እይው። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል።

እኔን ከጠየቅሽኝ ላንቺ የምመርጠው ኤ ላይን የሚሉትን ነው። ከወገብ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚሰፋው። ምክንያቴን ልንገርሽ። ቁመቷ አጠር ያለ ሴትን የበለጠ የሚያሳጥራት ልብሱ አግድም ሲቆራርጣት ነው። ወገብ ላይ በጨሌ የተሞላ ወፍራም ቀበቶ አንድ ቦታ ይቆርጣል። መርሜዱ ጉልበት ላይ ሲበተን ሌላ ቦታ ይቆርጣል። ዓይን በየቦታው እየቆመ ሲወርድ ቁመቱ ያልቃል። ስፌቱ ከደረት እስከ ታች ቁልቁል የሚወርድ ቬሎ ግን ዓይንን ይዞ ይወርዳል። ወገቡ ከእምብርትሽ ሁለት ሦስት ጣት ከፍ ቢል እግርሽ ይረዝማል። አንገቱ ቪ ቅርጽ ቢሆን አንገትሽ ይወጣል። ያ ውስጡ ክብ ሽቦ ያለው፣ እንደ ጃንጥላ የሚነፋው ቬሎ ግን ይቅርብሽ። ይውጥሻል።

ክንድሽን በተመለከተ፣ የእናትሽ ሐሳብ ጥሩ ነው። ዕድሜያቸው ስለገፋ ብቻ ሐሳባቸውን አትጣዪው። ከክርን ትንሽ ወርዶ የሚያልቅ ስስ ዳንቴል እጅጌ ሞላ ላለ ክንድ በጣም ያምራል። ክንድ መሃል ላይ የሚቆመውን አጭር እጅጌ ተዪው። ዓይን የሚያርፈው እጅጌው ያለቀበት ቦታ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ክንድ ሰፋ የሚልበት ቦታ ነው።

ድፍን ነጩን ግን እናትሽን ይቅርታ ጠይቄ እከራከራለሁ። ለጠይም ቆዳ ድፍን ነጭ ሁልጊዜ አይስማማም። በተለይ የአንዳንዱ ጨርቅ ነጭነት ወደ ሰማያዊ ያደላል። ፍላሽ ሲበራበት ልብሱ ብቻ ይጮህና ፊት ይጠፋል። የወተት ቀለም ያለው፣ አይቮሪ የሚሉት፣ ፊትሽን ያሞቀዋል። እንዲህ አድርጊ፦ ሁለቱን ጨርቅ ይዘሽ ወደ በሩ ውጪ። በቀን ብርሃን አንገትሽ ሥር አንድ በአንድ አስጠጊያቸው። ጨርቁን ሳይሆን ፊትሽን ተመልከቺ። የትኛው ጋ ነው ፊትሽ የበራው? እሱ ነው ያንቺ ቀለም።

እናትሽ ነጭ የግድ ነው ካሉ የሚታረቁበት መንገድ አለ። ለቁርባኑ ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ልበሺ። ካባው ከላይ ይደረባል። ነጩ እዚያ ይሁን፤ ቦታውም እሱ ነው። ቬሎውን ለአዳራሹ አቆዪው። በነገራችን ላይ ነጭ የሙሽራ ቀሚስ በአውሮፓ በስፋት የተለመደው የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በፈረንጆቹ 1840 በነጭ ሳቴን ካገባች በኋላ ነው። ቬሎ የምንለው ቃልም የጣሊያንኛ ነው፤ እዚያ ትርጉሙ ከራስ ላይ የሚወርደው ስስ መሸፈኛ ነው። እኛ ጋ ስሙ ለጠቅላላው ልብስ ሆኖ ቀረ። የኛ ሸማ ግን ያለ ቪክቶሪያም ነጭ ነበር። እናትሽ የሚፈልጉት ነጭ የሸማው ነጭ ይመስለኛል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ጣል ላድርግ። ቤተ ክርስቲያን ጫማ ይወልቃል። በረጅም ተረከዝ ልክ የተቆረጠ ቀሚስ በባዶ እግር መሬት ይጠርጋል፤ ስትራመጂ ትረግጭዋለሽ። የቁርባኑን ቀሚስ በባዶ እግርሽ ቁመት አስለኪ። ቬሎውን ደግሞ በዕለቱ በምትጫሚው ጫማ። ጫማው ቀድሞ ይገዛ፣ ልኬቱ ይከተል።

አክስትሽ እግዜር ይስጣት። ግን ጊዜው አጭር መሆኑን ንገሪያት። እዚያ በትእዛዝ የሚሰፋ ቬሎ ብዙ ጊዜ ወራት ይወስዳል። ስለዚህ የተሰፋና የተሰቀለ ትግዛ። ሁለተኛ፣ የቬሎ ቁጥር ከአዘቦት ልብስ ቁጥር ይለያል። አዘቦት የምትለብሺው 10 ከሆነ በቬሎ 12 ወይም 14 ልትሆኚ ትችያለሽ። ቁጥር አትላኪላት። ልክሽን ላኪላት፦ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የላይኛው ክንድ ዙሪያ፣ ከአንገትሽ ሥር ካለው ጎድጓዳ እስከ መሬት ከነጫማው። በሳንቲም ሜትር ለክተሽ በኢንችም ጻፊላት፤ አንዱ ኢንች 2.54 ሳንቲም ሜትር ነው። ከሁሉ በሚሰፋው አካልሽ ልክ ትግዛው። ያንቺ ዳሌሽ ነው። የሰፋን ማጥበብ ቀላል ነው፤ የጠበበን ማስፋት ግን ውስጡ ትርፍ ጨርቅ ከሌለ አይቻልም።

ሦስተኛው ላንቺ ከሁሉ ይበልጣል። የቬሎው ጫፍ ዙሪያውን በዳንቴል የተሠራ እንዳይሆን። አንቺ ላይ የግድ ያጥራል። ዳንቴል ያለውን ጫፍ ዝም ብሎ ቆርጦ ማጠፍ አይቻልም። ዳንቴሉን ፈትቶ ከፍ አድርጎ መልሶ መስፋት ነው፤ ከባድና ውድ ሥራ ነው። ጫፉ ልሙጥ ከሆነ ግን ሰፊዋ በአንድ ቀን ትጨርሰዋለች።

አራተኛ፣ ደረትና እጅጌ ላይ ያለውን ቱል የሚሉትን ስስ መረብ መሳይ ጨርቅ አይታ ትግዛ። «የቆዳ ቀለም» ብለው የሚሸጡት ብዙ ጊዜ የፈረንጅ ቆዳ ቀለም ነው። እኛ ላይ አመድ መስሎ ይታያል። ቡናማውን የሚሸጡ አሉ፣ ጠይቃ ትፈልግ። ካጣች ግን አትጨነቂ። ሰፊዋ ያንን ክፍል ባንቺ ቆዳ ቀለም ቱል ትቀይረዋለች። ከሻንጣ ሲወጣ ደግሞ ካውያ እንዳታስነኪው። ቱል ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ነው፣ ይቀልጣል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሙቅ ውሃ ክፈቺና በእንፋሎቱ ውስጥ ስቀይው። ጭምድዱ በራሱ ይለቃል።

ከአክስትሽ ጋር ካልሆነ መከራየት ነው። በኪራይ ምንም ነውር የለበትም። ሁለት ጥያቄ ብቻ ሳትጠይቂ ቀብድ አትክፈዪ። አንደኛ፣ «ከእኔ በፊት በነበረው ቅዳሜ ይሄ ቬሎ ተይዟል ወይ?» በጥር አንድ ቬሎ ቅዳሜ አንዷን፣ እሑድ ሌላዋን ሊድር ይችላል። ያንቺ እሑድ ነው። ሁለተኛ፣ «ለእኔ ልክ የሚደረገው ስፌት ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው?» መልሱን ውሉ ላይ አስጽፊ። ጀርባው በክር የሚታሰር ከሆነ ደግሞ ምረጪው። ከዚፕ ይልቅ ያ ይሻላል፤ ትንሽ ብትጨምሪም ብትቀንሺም ይቀበልሻል።

አሁን አበባ።

ዲኮር ሠሪው ግማሽ እውነት ነግሮሻል። አዳራሽ ውስጥ ከመድረኩ በስተጀርባ ከፍ ብሎ የሚሰቀለውን አበባ ማንም ቀርቦ አይነካውም፣ አያሸተውም። እዚያ አርቴፊሻል ይሁን፣ ገንዘብሽን አትርፊ። እጅሽ ላይ ያለው ግን እውነተኛ መሆን አለበት። ቡኬው በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ አለ። ፊትሽ ሥር ነው ያለው። ስትጨነቂ የምትይዢው እሱን ነው። ከዚያ በተረፈ የናንተ ጠረጴዛ ላይና የሁለቱ እናቶች እጅ ላይ እውነተኛ አበባ ይኑር። ይበቃል። አዳራሹን በሙሉ በእውነተኛ አበባ ካልሸፈንኩ ብለሽ ዕዳ ውስጥ እንዳትገቢ።

ምን ዓይነት አበባ? ጥር ላይ ነሽና አንድ ነገር እወቂ። የጥር መጨረሻ ማለት በፈረንጆቹ ፌብሯሪ መጀመሪያ ነው። የፍቅረኞች ቀን ፌብሯሪ 14 ነው። የዝዋይ፣ የሆለታ፣ የሰበታ የአበባ እርሻዎች ምርታቸውን ለዚያ ቀን ያደርሳሉ። ባንቺ ሰርግ ሰሞን በየቀኑ በቦሌ በኩል በአውሮፕላን የሚጫነው ጽጌረዳ፣ በተለይ ቀዩ፣ ወደ አውሮፓ ነው የሚሄደው። አገሩ የጽጌረዳ አገር ሆኖ ጥሩ ቀይ ጽጌረዳ የሚወደደው በዚያ ሰሞን ነው። ስለዚህ ልብሽ ቀይ ላይ ካልሞተ ተዪው። ክሬም፣ ፒችና ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም ምረጪ። ከአይቮሪ ቬሎ ጋር የሚስማሙትም እነሱ ናቸው። በረዶ የመሰለ ነጭ ጽጌረዳ አይቮሪ ልብስ አጠገብ ሲያዝ ልብሱን ያቆሸሸው ይመስላል። ቬሎው ሲያጥር የሚቆረጠውን ቁራጭ ጨርቅ ሰፊዋን ለምኚያት። ይዘሽው ወደ አበባ ቤት ሂጂ። በስልክ ፎቶ አትተማመኚ፣ ቀለም ያታልላል።

ስለ ጽጌረዳ ሌላም ልንገርሽ። ከፍ ባለና ሌሊቱ ቀዝቃዛ በሆነ ቦታ የሚበቅለው፣ እንደ ሆለታው ያለው፣ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ የአበባው ራስ ትልቅ ነው። እንደ ዝዋይ ካለ ዝቅና ሞቅ ያለ ስፍራ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ራሱ አነስ ይላል። ለቡኬሽ ባለ ትልቅ ራሱን ጠይቂ። 20 አካባቢ ይበቃሻል። ለጠረጴዛ ትንንሹ ይሁን፣ ዋጋውም ይቀንሳል።

ቡኬሽ ትንሽና ክብ ይሁን። ስፋቱ ከአንድ ስንዝር ብዙ አይብለጥ። ያ እንደ ፏፏቴ ወደ ታች የሚንጠባጠበው ቁመትሽን ግማሹን ይሸፍነዋል። አያያዙንም ተለማመጂ። ሙሽሮች ፎቶ ላይ ሲደነግጡ ቡኬውን ደረታቸው ላይ ይለጥፉታል። ያን ያህል የተከፈለበት የቬሎ ደረት ተሸፍኖ ይቀራል። እምብርትሽ ላይ ያዢው፣ ክንድሽን ከሰውነትሽ ትንሽ አርቂ። ክንድሽም ቀጭን ሆኖ ይታያል፣ ወገብሽም ይወጣል።

ሊሊ ግን አደራ። መዓዛው ልብ ይሰርቃል። እኔም ተሰርቄ ነበር። ከ20 ዓመት በፊት በሰርጌ ቀን ቡኬዬ ሊሊ ነበር። መሃሉ ላይ ያለው ብርቱካንማ ብናኝ እንዲነቀል ያዘጋጀችው ልጅ አልነገረችኝም፣ እኔም አላወቅሁም። ገና መኪና ውስጥ ሳለሁ ቬሎዬ ላይ ረገፈ። ደነገጥኩና በእርጥብ ሶፍት አሸሁት። ተሰራጨ። የዚያን ቀን ፎቶዎቼ ሁሉ ላይ ግራ እጄ ወገቤ ላይ ነው፤ የሚሸፍነው ያንን ብርቱካንማ እድፍ ነው። እስከ ዛሬ አልበሙን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው እጄን ነው። ሊሊ ከወደድሽ ብናኙ ሳይበተን ገና እንደፈነዳ ተነቅሎ ይውጣ። ልብስ ላይ ከወደቀ ውሃ አታስነኪው፣ አትሺው። ደረቅ ፕላስተር ወይም ስኮች አስጠግተሽ ለጥፈሽ አንሺው። ካላ ሊሊ የሚባለው ላይ ግን ይህ ችግር ብዙም የለም። ቀጥ ያለ፣ ቀላልና ጸጥ ያለ አበባ ነው። ለቀላል ቬሎ በጣም ይሄዳል።

አሁን ወደ አደይሽ ልምጣ።

ልጄ፣ አደይ በጥር የለም። አደይ ክረምቱ ሲወጣ ይፈነዳል፣ መስከረምን ያደምቃል፣ ጥቅምት ላይ ይሰናበታል። ገንዘብም ዘመድም አያመጣውም። ቢጫ ፕላስቲክ አደይ የሚሸጡልሽ አሉ፤ እሱን ግን አትያዢ። አባትሽ ከሱሉልታ ለቅመው ካመጡት አበባ ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

ግን አደዩን ወደ ሰርግሽ ማምጣት ይቻላል። የመልስ ቀሚስሽን ሽሮ ሜዳ ነው የምታሠሪው ብዬ አስባለሁ። ሸማኔው ጥለቱን በአደይ ቢጫና በቅጠል አረንጓዴ ይሥራልሽ። ጥልፍ ከመረጥሽ ደግሞ ደረቱ ላይ አደይ ራሱን ያስጠልፉልሽ፤ ባለ ስምንት ቅጠሉን፣ መሃሉ ጠቆር ያለውን። ይህን ለማሠራት ሁለት ወር ተኩል በቂ ነው፤ ነገ ግን ሂጂ። ለቡኬሽ ከክሬሙ ጽጌረዳ መሃል ጥቂት ትንንሽ ቢጫ ጽጌረዳ ይግባበት። ሦስት አራት ፍሬ ብቻ። ከበዛ ሌላ ቡኬ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ የቡኬሽን ግንድ አስቢበት። አበባ ቤቶች ግንዱን በሳቴን ሪባን ነው የሚጠቀልሉት። የአባትሽ ኩታ ቤት ውስጥ ካለ፣ እናትሽም ከፈቀዱ፣ ከጥለቱ ጠርዝ ጣት የምታህል ቁራጭ ወስደሽ ግንዱን ጠቅልዪበት። ኩታውን መቁረጥ ከከበዳችሁ አትቁረጡ፤ የእሳቸውን አንድ መሐረብ እጠፉና እሰሩበት። እጅሽ የሚይዘው እሱን ይሆናል። ወደ አዳራሹ ስትገቢ አባት ባለበት ቦታ አጎት ወይም ወንድም ሊይዝሽ ይችላል። በሌላኛው እጅሽ የአባትሽን ጥለት ትይዣለሽ። ይህን ለማንም ማስረዳት የለብሽም።

አበባውን ከአሁኑ እዘዢ። ቁጥሩን፣ ቀለሙን፣ ያ ቀለም ካልተገኘ የሚተካውን አብረሽ አስጽፊ። ጽጌረዳው ዓርብ ይግባ። ለውጭ ገበያ የሚቆረጥ ጽጌረዳ ገና ጨብጦ ነው የሚመጣው፤ እስኪከፈት አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ቅዳሜ ጠዋት የተገዛ እምቡጥ እሑድ ላይ እምቡጥ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ከግንዱ ጫፍ ሁለት ጣት ያህል በሰያፍ ቁረጪ፣ ውሃው ውስጥ የሚገባውን ቅጠል አራግፊ፣ ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ አቁሚው። የውጪዎቹ ቅጠሎች ጠቆር ብለው ብታዪ አትደንግጪ፤ ውስጡን የሚጠብቁ ናቸው፣ ቀስ ብለሽ ንቀያቸው። ቀዝቃዛ ክፍል ይደር። ሙዝና ሌላ የበሰለ ፍራፍሬ ካለበት ክፍል ግን አርቂው። ከበሰለ ፍሬ የሚወጣው ጋዝ አበባ ቶሎ ያጠወልጋል። የሰርግ ቤት ደግሞ ፍራፍሬ የሚከመርበት ቤት ነው፤ ኃላፊነቱን ለአንዲት ሚዜ ስጫት። ቡኬው እስክትወጪ ድረስ ውሃ ውስጥ ይቁም። ስትይዢው ግንዱ በፎጣ ይድረቅ፤ ሳቴን ላይ የውሃ ጠብታ ምልክት ይተዋል።

መጨረሻ ላይ ቡኬውን ማስቀመጥ ይቻላል ወይ ብለሻል። ይቻላል። ለሚወረወረው ሌላ ትንሽ ቡኬ አሠሪ፤ ያንቺ አይወርወር። በበነጋው፣ ገና ሳይጠወልግ፣ ጥለቱን ፈትተሽ ለእናትሽ ስጪያቸው። አበባውን ዘቅዝቀሽ፣ ጨለም ባለና ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ቦታ ስቀዪው። ቁም ሣጥን ላይ ያለ መስቀያም ይሆናል፤ በሩ ብቻ ገርበብ ይበል። ፀሐይ አይንካው፣ ቀለሙን ይበላዋል። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይፈጃል። አንቺ ጫጉላ ላይ ስለምትሆኚ ለታናሽሽ ወይም ለምታምኛት ሚዜ አደራ በያት፤ ከመልሱ በፊት ትስቀለው። ክሬሙ ወደ ቡናማ ያደላል፤ ቢጫው ግን ቢጫነቱን ይዞ ይቆይልሻል።